የጋሼ በቀለ ጋቢ

ማርያም ልጇን የወለደችው በጎረቤታችን በጋሼ ሷሊሕ በረት ነው። ይህን ያወቅሁት በሰባት ዓመቴ ነው፤ ሰው ነግሮኝ ሳይሆን በዓይኔ በብረቱ አይቼ። ጊዜውም ያን ያህል ሩቅ አይደለም፣ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። በዚያ ዕድሜዬ በዚህ ጉዳይ ማንም ተከራክሮ አይረታኝም ነበር። አሁን ሮቢት ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ልጆቼንም ድሬያለሁ፣ እውነቱን ካወቅሁም ቆይቻለሁ። ግን የዚያን ዕለት ነገር ሳወራ አፌ የሚቀናልኝ ያኔ እንዳመንኩት ሳወራው ነው።

መንደራችን በሸዋ ሮቢትና በጀውሃ መካከል፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። አባቴ ሽፈራው ማሽላ ያርሳል። እናቴ ወርቅነሽ ደግሞ ታዋልዳለች፤ ሙያውን ከእናቷ ነው የወረሰችው። ጋሼ ሷሊሕና ባለቤቱ እትዬ ሐቢባ ከእኛ ጋር አጥር ለአጥር ነበሩ። አጥሩ መሀል ላይ ልጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ። የከፈትነው እኔና ልጃቸው ራቢዓ ነን። አባቶቻችን በእሾህ ደፈኑት፣ ከፈትነው፣ ደግመው ደፈኑት፣ በመጨረሻ ሰለቻቸው።

ከእነሱ ጋር የምንለያየው በቢላ ብቻ ነበር። እኛ ያረድነውን እነሱ አይቀምሱም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንቀምስም። ይህ ግን ያገሬን ሰው ከመጋበዝ አግዶት አያውቅም። አባቴ ጋሼ ሷሊሕን በሥጋ ሊጋብዝ ሲያምረው ዶሮውን ከነነፍሱ ይዞ ይሄድና "እንካ፣ በራስህ ቢላ" ይለዋል። ጋሼ ሷሊሕም ለአረፋ እንደዚያው ያደርጋል። ዶሮ ከሆነ የጎረቤት ወግ ነው። አንድ ክርስቲያን ሙሉ ሙክት እየጎተተ እስላም ግቢ ሲገባ የታየ እንደሆነ ግን የእኛ አገር ሰው አይጠይቅም፣ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እዚያ ግቢ ሠርግ አለ፣ ወይ እንግዳ አለ፣ ወይ አራስ አለች።

ያ ዓመት ዝናብ የጠፋበት ነው። ማሽላው ጉልበት ላይ ሳይደርስ ቆሞ ደረቀ። የጋሼ ሷሊሕ ላሞች አለቁ፤ በረቱ ውስጥ የቀሩት አንድ በሬና አንድ አህያ ናቸው። እኛ ደጅ የቀረው ዳልቻ ብቻ ነው። ዳልቻ ሙክታችን ነው። የግራር ፍሬ እየለቀምኩ ያበላሁት እኔ ስለሆንኩ የእኔ ነው እላለሁ። አንዳንድ ሰው ልጅ ራሷ ያሳደገችው ፍየል ሲታረድ ታለቅሳለች ይላል። እኔ እንኳን ላለቅስ፣ የገና ጾም ከገባ ጀምሮ ጎኑን እየዳበስኩ የቱ ቦታ ጥብስ፣ የቱ ቦታ ቅቅል እንደሚሆን ስነግረው ነበር የከረምኩት።

በአስፋልቱ ላይ ከወሎ በኩል አውቶቡሶች ይመጡ ነበር፣ ሰው ታጭቆባቸው። እኔና ራቢዓ መንገድ ዳር ቆመን እጃችንን እናውለበልባለን። ማንም አይመልስልንም። ኩራተኞች ናቸው ብለን ተስማማንና እኛም ኮራንባቸው። ኩሩዎቹ ከረሃቡ የተረፉ ሰዎች ነበሩ፤ ሰፋሪ ተብለው ወደማያውቁት ምዕራብ አገር የሚጫኑ። ፈቅዶ የተሳፈረ አለ፣ ሳይጠየቅ የተሳፈረም አለ። ይህን ያኔ ማን ለልጅ ይናገራል?

ለልጅ የሚነገረው የገና ታሪክ ነው። እናቴ ሽንብራ እየለቀመች ነገረችኝ። ማርያም ምጥ ላይ ሆና በአህያ መጣች፣ የእንግዳ ማደሪያው ሁሉ ሞልቷል፣ በረት ገብታ ወለደች። ሕፃኑን በጨርቅ ጠቅልላ ከብት የሚበላበት ገንዳ ላይ አስተኛችው። ብርድ ነበርና ላምና አህያ በትንፋሻቸው አሞቁት።

"ለምን ያሞቁታል? ያልበዋል እኮ" አልኳት።

"እዚያ ደጋ ነው፣ እንደ እኛ ቆላ አይደለም።"

"ወደ እኛ ቤት ብትመጣስ ታሳድሪያት ነበር?"

"እንዴታ።"

"ማርያም መሆኗን በምን ታውቂያለሽ?"

እናቴ ጠጠር ለቅማ ወረወረች። "ማርያም ነኝ ብላ አትመጣም። ዝም ብላ ነው የምትመጣ። ምጥ የያዛት ሰው ከመጣች ማሳደር ነው እንጂ ማነሽ ተብሎ ይጠየቃል?"

እኔ ይህን እንደ ማስጠንቀቂያ ያዝኩት። ዝም ብላ የምትመጣ ከሆነ ነቅቶ መጠበቅ ነው ብዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ በራችን ላይ ዓይኔን ተከልኩ። ስለዚህ ጎረቤት ስትገባ ምን ያህል እንደተናደድኩ ገምቱ።

የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ራቢዓ ለጨዋታ አልመጣችም። በቀዳዳው ስጠራት ፊቷን ኮስተር አድርጋ መጣች። "በረታችን አይገባም፣ አባቴ ከልክሏል" አለችኝ። በረታቸው ለመግባት መቼ ጠየቅኳት? ሳይጠይቁት የተከለከለ ነገር ደግሞ እንዴት እንደሚያሳክክ ልጅ የነበረ ሁሉ ያውቃል። ቤት ስመለስ እናቴ የለችም። ትንሽ ቆይቶ ድምፅዋን ሰማሁት፣ ከዚያው ከተከለከለው በረት።

"ማርያም፣ ማርያም፣ አይዞሽ፣ ደረስሽ" ትላለች።

እትዬ ሐቢባም አብራ "ማርያም፣ ማርያም" ትላለች።

የምጥ ሴት ደጋፊዎቿ እንዲህ እያሉ እንደሚለምኑላት አሁን አራት ጊዜ ወልጄ አውቀዋለሁ። በእኛ ቆላ እስላሟም ምጥ ሲጠና ማርያምን ትጠራለች። ያኔ ግን ልጅ ምጥ ያለበት ቤት አያስጠጉም ነበርና ሰምቼ አላውቅም። እኔ የሰማሁት እናቴ አንዲትን ሴት በስሟ ስትጠራት ነው። ቀጥሎ የሕፃን ልቅሶ መጣ። በቀዳዳው ሾልኬ በረቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ። ግድግዳው የማሽላ አገዳ ነው፣ ዓይን ያሾልካል።

አንዲት ቀጭን ሴት አገዳ ተነጥፎላት ጋደም ብላለች። ፊቷን ያየሁት ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል በስንጥቁ ገብታ ስለነካቻት ነው። ራሷን በሰማያዊ ሻሽ ሸፍናለች፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንዳለችው። በሬው ቆሞ ያመሰኳል። አህያው አንገቱን ዘንበል አድርጓል። ሕፃኑ በእናቴ ክንድ ላይ ነው፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም፣ ቅሬታ ነበር። የምንጠብቃት እኛ፣ የምንጾምላት እኛ፣ የገባችው ጋሼ ሷሊሕ ቤት።

ስመለስ አባቴ ዳልቻን ፈትቶ በቀዳዳው ሳይሆን በዋናው በር ይዞት ሲወጣ አገኘሁት። ተከተልኩት። ጋሼ ሷሊሕ በራፉ ላይ ቆሞ ነበር።

"ሽፈራው፣ ነገ በዓልህ ነው። ይኼ አይሆንም" አለው።

"በዓሌ ስለሆነ ነው ያመጣሁት። እኔ ካረድኩት አትቀምሰውም፣ አንተ እረድላት።"

"ልጆችህስ?"

"ልጆቼ ሌላ ገና ይመጣላቸዋል። አራስ በባዶ ሆዷ ሌላ ገና አትጠብቅም። እንካ፣ ገመዱን ያዝ።"

ጋሼ ሷሊሕ ገመዱን ያዘ። "አላህ ይስጥህ" አለ፣ ድምፁ ተቆራረጠ። ትልቅ ሰው ለፍየል ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ዳልቻ እንደማይረባ ወዳጅ ዘወር ብሎ እንኳን ሳያየኝ ገባ።

አሁን የማውቀውን እዚህ ላይ ልናገር። የሴትየዋ ስም ዓይሻ ነው። ባሏ ረሃቡ ሲጠና ጥጥ ለቀማ ሊቀጠር ወደ አዋሽ ወርዶ ነበር፣ እልክልሻለሁ ብሎ። እሱ ሳይመለስ እሷን ሰፋሪ ብለው ጫኗት። ምዕራብ ከገባች በኋላ ባሏ ወዴት ብሎ ይፈልጋታል? አውቶቡሱ ጀውሃ ላይ ሾፌሩ ምሳ ሊበላ ሲቆም ሽንት መጣብኝ ብላ ወረደች፣ በዚያው በደረቀው ወንዝ ውስጥ ሄደች። ጋሼ ሷሊሕ ከገበያ ሲመለስ ምጥ ጀምሯት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኛት፣ በአህያው ላይ ጭኖ አመጣት። ቤቱ ታጣቂ ሁልጊዜ ስለሚገባበት በረት አስገባት። የእኛ ቤት ያልመጣችው ደጃችን ከመንገድ ስለሚታይ ብቻ ነው። ያንን ሳውቅ ቅሬታዬ ወጣልኝ።

በዚያ ምሽት ግን የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ዳልቻን ያረደው ጋሼ ሷሊሕ ነው። እናቴ ደክሟት መደቡ ላይ ጋደም ስትል ጠየቅኳት።

"እማዬ፣ ማርያም የእስላም ሥጋ ትበላለች?"

የልጅ ወሬ መሰላት። ዓይኗን ሳትገልጥ "የራበው ሰው የሰጡትን ይበላል፤ አርፈሽ ተኚ" አለችኝ። ነገሩ ተዘጋ፣ ተኛሁ።

ንጋት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰው ሁሉ እንኳን አደረሰህ ይባባላል። ከቅዳሴው ከወጡት አንዱ ጋሼ በቀለ ነበር፣ የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጠብመንጃውን ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ለሰው የሚያስይዝ ሰው ነው። የዚያን ዕለት አዲስ ጋቢ ለብሷል። ሚስቱ እትዬ ከበቡሽ ጋቢውን ትከሻው ላይ እያስተካከለች ለሴቶቹ ታወራለች።

"ዓይኔ እስኪጠፋ ፈትዬው ነው። ድርብ ነው፣ ንኩት እስቲ። ሸማኔው ራሱ እንዲህ ያለ ፈትል አላየሁም ብሏል።"

ሴቶቹ ነኩት። ጋሼ በቀለ እንደሚሸጥ በሬ ቆሞ ተነካ። እኔም ከእናቴ ጀርባ እጄን ሰድጄ ነካሁት፣ እውነትም ወፍራም ነበር።

ቤት ገብተን የገና ምሳችን ቀረበ። እንቁላል ወጥ። ለማርያም ሲባል ነው ብዬ ቻልኩት፣ ግን የቻልኩት ቅር እያለኝ ነው። ገና እጃችንን ሳንሰድ ጋሼ በቀለ በር ላይ "ቤቶች" አለ። ከኋላው አንድ ወጣት ካድሬ ቆሟል፣ ካኪ ለብሶ። ከከተማ የመጣ ነው፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ከየት እንደመጣ አናውቅም። በዓል ስለሆነ ሰው ሁሉ ቤቱ ይገኛል ብሎ ለፍተሻ የመረጠው ቀን ነው።

አባቴ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላቸው። እናቴ ጠላ ቀዳች። ጋሼ በቀለ ጠብመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጋቢውን አውልቆ መደቡ ላይ አኖረ። ካድሬው ጠላውን ሳይቀምስ ወሬውን ጀመረ።

"አንዲት ነፍሰ ጡር ሰፋሪ ጀውሃ ላይ ወርዳ ጠፍታለች። በዚህ አካባቢ አላለፈችም?"

"አላየንም" አለ አባቴ።

"ያስጠጋ ሰው ካለ ከእነ ቤተሰቡ አብሯት ይጫናል። ይኼን ለሁሉም እየተናገርኩ ነው።"

"ሰምተናል ጓድ።"

እኔ ምንም አልመሰለኝም። እነሱ የሚፈልጉት ነፍሰ ጡር ነው፣ የእኔዋ ወልዳለች። እነሱ የሚፈልጉት የጠፋ ሰው ነው፣ የእኔዋ አልጠፋችም፣ መጣች እንጂ። እንጀራዬን ማየቴን ቀጠልኩ።

ካድሬው ወጡን አየ። "ገና ነው ተብሎ እንቁላል? ደጃችሁ ላይ ካስማ አይቻለሁ፣ በጠጡም ትኩስ ነው። ፍየሉ የት ሄደ?"

"ሸጥነው" አለ አባቴ።

"ሞተብን" አለች እናቴ።

እኩል ነው ያሉት። ካድሬው አንዴ አባቴን፣ አንዴ እናቴን ያያል። ጋሼ በቀለ ጣሳውን ያያል። ወላጆቼን ሲዋሹ የያዝኳቸው ያን ጊዜ ነው፣ ያውም በገና ቀን፣ ያውም በማያሳፍር ነገር። የሰጠነውን እንደ ሰረቅነው ይደብቁታል። ለእነሱ ብዬ ገባሁበት።

"አልሸጥነውም፣ አልሞተም። ለማርያም ሰጠናት" አልኩ።

"ለማን?"

"ለማርያም። ትናንት ጋሼ ሷሊሕ በረት ወለደች እኮ። እኔ አይቻታለሁ፣ ሰማያዊ ሻሽ አላት። በሬውና አህያው አጠገቧ ቆመዋል። አባባ ዳልቻን ወሰደላት፣ ጋሼ ሷሊሕ አረደላት።"

የእናቴ እጅ ጭልፋው ላይ ቀረ። ካድሬው አየኝ። ዓይኖቹ ትንንሽ ነበሩ፣ እስካሁን አልረሳቸውም። ከዚያ ሳቅ አፈነው፣ ከዚያ ለቀቀው፣ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ።

"ማርያም የእስላም ሥጋ በላች?"

"የራበው ሰው የሰጡትን ይበላል" አልኩት፣ እናቴ እንዳለችኝ።

"ጓድ በቀለ፣ ሰማህ? ይኼን ነው ከሥሩ መንቀል ያለብን። ቄሶቹ ሕፃን ልጅ ምን እንደሚያደርጉ እየው። በቁሟ ታልማለች።" እንባውን ጠረገ።

ጋሼ በቀለ አልሳቀም። እኔን እያየኝ ነበር፣ ጣሳውን አፉ ላይ ሳያደርስ። የተቆጣኝ መሰለኝ። እንዲህ ያለ የከበረ ነገር ለሚያላግጥ ሰው ስላወራሁ ነው ብዬ አፈርኩ። ዛሬ ሳስበው ያ ሰው በዚያች ቅጽበት ሁሉንም ነገር ጥርት አድርጎ አውቋል። ካድሬው የሰማው የማርያምን ወሬ ነው። ጋሼ በቀለ የሰማው ግን የሙክቱን ወሬ ነው፤ ሽፈራው የገና ሙክቱን ከነነፍሱ ለሷሊሕ ሰጥቶ ራሱ እንቁላል እየበላ ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ከዚህ በላይ አይነገረውም። እስላም አራስ አለች፣ እዚያ በረት ውስጥ። አንድ ቃል ቢናገር እኛም ጋሼ ሷሊሕም ከነልጆቻችን አውቶቡስ ላይ ነን።

"ልጅ ናት" አለ በመጨረሻ። "እንቁላሉ ሳይቀዘቅዝ እንቅመስና እንነሣ። ገና ብዙ ቤት ይቀረናል።"

"ቀጥሎ የዚሁ ሷሊሕ የሚባለው ቤት ነው?"

"እሱን ጎህ ሲቀድ ፈትሼ ነው የመጣሁት። ቤቱንም በረቱንም። በሬና አህያ ብቻ ነው ያለው።"

ይህ ውሸት ነው። ጎህ ሲቀድ ከእኛ ጋር ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ ጋቢውን ነክቻለሁ። ይህን ላስታውሰው አፌን ከፈትኩ። እናቴ በዚያው በተከፈተው አፌ ውስጥ አንድ ሙሉ እንቁላል በእንጀራ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጉርሻ ጎርሼ አላውቅም። አኝኬ ሳልጨርስ እንግዶቹ አመስግነው ወጡ።

ስውጥ መደቡን አየሁት። ጋቢው አለ። ጋሼ በቀለ ጠብመንጃውን አንሥቶ ጋቢውን ረስቶታል። እትዬ ከበቡሽ ዓይኗ እስኪጠፋ የፈተለችውን። አቅፌው ሮጥኩ፣ ከብዶኝ ጫፉ አቧራውን እየጠረገ። እናቴ ከኋላዬ "አስካለ፣ ነይ" ትላለች፣ አልሰማኋትም።

ግራሩ ጥላ ሥር ደረስኩባቸው። "ጋሼ በቀለ፣ ጋቢዎን ረሱት።"

ሁለቱም ዞሩ። ጋሼ በቀለ ጋቢውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ የጋሼ ሷሊሕን አጥር። እንደዚያ ሲያቅማማ አይቼው አላውቅም።

"በዚህ ፀሐይ ጋቢ ይለበሳል እንዴ?" አለኝ። "መልሰሽ ለእናትሽ ስጫት። የት እንደምታኖሪው ታውቂያለሽ በያት።"

"እናንተ ሰዎች" አለ ካድሬው፣ "ሙቀቱን እያወቃችሁ ለምን ትለብሱታላችሁ?" ሄዱ።

መልእክቱን ቃል በቃል አደረስኩ። እናቴ ጋቢውን ተቀብላ ፊቷ ላይ ያዘችው፣ ቆየች። ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች ብዬ ስጠብቅ በአጥሩ ቀዳዳ ጎንበስ ብላ ወደ ጋሼ ሷሊሕ ግቢ አሾለከችው። ከወዲያ የእትዬ ሐቢባ እጅ ወጥቶ ተቀበለው። ሰው የረሳውን ዕቃ ለሌላ ሰው መስጠት ነውር መሆኑን ለእናቴ ልነግራት አሰብኩ። ግን የእንቁላሉ ጉርሻ ገና ጉሮሮዬ ላይ ስለነበር ተውኩት።

ጥምቀት ሳይደርስ አንድ ማለዳ በቀዳዳው ሳይ ሴትየዋ አህያው ላይ ተቀምጣለች። ሕፃኑን በጋሼ በቀለ ጋቢ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች፣ አፍንጫው ብቻ ይታያል። ጋሼ ሷሊሕ አህያውን እየሳበ በቁልቁለቱ ወደ ምሥራቅ ወረዱ። ራቢዓ አጠገቤ ቆማለች።

"ወደ ግብፅ እየሄዱ ነው" አልኳት።

"ወደ አዋሽ ነው" አለችኝ።

ስለ ማርያም ምን ታውቃለች ብዬ አልተከራከርኳትም። ጋሼ ሷሊሕ ከብዙ ቀን በኋላ አህያውን ብቻ ይዞ ተመለሰ። ቆይቶ በጨው ነጋዴ ሰላምታ መጣ፤ ባልና ሚስቱ ተገናኝተዋል፣ ልጁ ቆሟል። ጋቢው አልተመለሰም።

እናቴ ይህን ሁሉ የነገረችኝ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለ ነው፣ ሆዴን እያሸች። ስቄ አላባራ አልኩ። ወዲያው ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ የተናገርኩት ነገር ገባኝና ሳቄን ተውኩት። ቀጥላ ስለ ጋቢው ነገረችኝ።

"ለሚስቱ ምን አላት?" ብዬ ጠየቅኩ።

"ጠፋብኝ ነው ያላት። የት እንደጠፋበት አላውቅም ብሏል።"

"ደርግ ከወደቀ ወዲያስ ለምን አይነግራትም?"

"ሰጠሁ ብሎ ማውራት አይሆንለትም። እሱ ካልተናገረ እኛ ምን አገባን?"

መንደሩ ግን ሲያወራ ከርሟል። በቀለ የገና ዕለት አረቄ ቤት ጋቢውን በአረቄ ለወጠው ተባለ። አረቄ ሲቀምስ ያየው ሰው ባይኖርም ተባለ። እሱ አላስተባበለም። እትዬ ከበቡሽ ሱቄ ቀሚስ ልታሰፋ በመጣች ቁጥር ጨርቅ ዳብሳ "ፈትል ድሮ ቀረ" ትልና ወደዚያ ጋቢ ትገባለች። በዓል በመጣ ቁጥር ለባሏም ታነሣበት ነበር። ሌላ ጋቢ ፈትላለት አታውቅም። ከሱቅ በተገዛ ስስ ጋቢ ነው ያረጀው።

ባለፈው ዓመት ጋሼ በቀለ አረፈ። ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። እናቴም አባቴም፣ ጋሼ ሷሊሕም እትዬ ሐቢባም በሕይወት የሉም። የዚያን ዕለት ነገር የምናውቅ እኔና ራቢዓ ቀርተናል፣ ራቢዓ ደግሞ አዳማ ነው ያለችው። እትዬ ከበቡሽ ድንኳኑ ጥግ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ስቀመጥ እጄን ያዘችኝ።

"አንቺ ልብስ ታውቂያለሽ" አለችኝ። "በምን እንደገነዙት አየሽ? ያንን ጋቢ ባያጠፋው ኖሮ እሱን አለብሰው ነበር። የት እንደጣለው ሳይነግረኝ ሄደ። አርባ ዓመት ጠየቅኩት።"

የእሱ ነገር እሱ ይናገረው ብዬ ዝም ያልኩት እሱ እያለ ነው። አሁን የሚናገር የለም። ጠጋ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት፤ በረቱን፣ ዓይሻን፣ ካድሬውን፣ ጋቢውን አቅፌ መሮጤን፣ በፀሐይ ጋቢ ይለበሳል እንዴ ማለቱን። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ይገባል ይወጣል፣ እሷ እጄን አልለቀቀችም። ስጨርስ ዓይኗን ወደ ድንኳኑ በር መለሰች። የተቀየመችኝ መሰለኝ፣ እስካሁን ስላልነገርኳት።

"ሕፃኑ ወንድ ነው ሴት?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ወንድ ነው።"

"ቀጭን ነበር?"

"እናቱ ተርባ የከረመች ናት። ትንሽ ነበር።"

እትዬ ከበቡሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ሌላ እጇን ዘርግታ ጉልበቴ ላይ የቀሚሴን ጨርቅ በሁለት ጣቷ ያዘች፣ ውፍረቱን እንደምትለካ።

"ድርብ ነበር" አለች። "ሙቆታል።"